ፕሮሰሰር ከመለወጥ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነገር

ስለ ጌም ኮምፒዩተር ዕቃዎች ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ ማብራሪያ

የንግድ ሥራ መሠረቱ እምነት መሆኑ የታወቀ ነው። ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ የጨርቁን ጥራት፣ ቡና የሚልክ ነጋዴ የቡናውን ደረጃ ጠንቅቆ ማወቅ እንደሚገባው ሁሉ፣ የኮምፒዩተር ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴም ዕቃው ለገዥው ምን እንደሚሠራለትና ምን እንደማይሠራለት ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል። ይልቁንም ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ ሲሆን፣ ያለ ጥቅም የወጣው ገንዘብ የገዥውን ኪስ ብቻ ሳይሆን የሻጩንም ስም የሚጎዳ ስለሆነ፣ ጥንቃቄው ዕጥፍ መሆን አለበት።

በዚህ የንግድ ዘርፍ ብዙ ጊዜ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ፣ ለጌም የሚያገለግል ኮምፒዩተር ዝግ ሲል ፕሮሰሰሩን መለወጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ጠያቂው አንዳንድ ጊዜ በቤቱ የሚጫወት ወጣት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አሥርና አሥራ አምስት ኮምፒዩተር ደርድሮ በሰዓት የሚያስከፍል የጌም ቤት ባለቤት ነው። ሁለቱም ወደ ሱቅ የሚመጡት አዲስ ፕሮሰሰር ከተገዛ ጨዋታው ይፈጥናል የሚል ሐሳብ ይዘው ነው። ሐሳቡ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ፈጽሞ የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ። አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚያስፈልገው የሩብ ሰዓት መለኪያ ብቻ ነው። ሳይለካ የሚሸጥ ነጋዴ ግን የዛሬውን ሽያጭ አግኝቶ የነገውን ደንበኛ ሊያጣ ይችላል።

ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ሥራቸውን የሚከፋፈሉበት መንገድ

በጌም ጊዜ በማሳያው ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ እንደ ሲኒማ ፊልም ተከታትለው ከሚመጡ ምስሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። አንዱን ፍሬም ለማዘጋጀት በተለይ ሁለት ክፍሎች ይተባበራሉ። ፕሮሰሰሩ የጨዋታውን ሕግ ያስፈጽማል፤ ተጫዋቹ የነካውን ቁልፍ ይቀበላል፤ ኳሷ ወዴት እንደ ነጠረች፣ ጥይቱ የት እንደ ደረሰ፣ ተቃራኒው ወገን የት እንደ ቆመ ያሰላል፤ በመጨረሻም ምን መሣል እንዳለበት ለግራፊክስ ካርዱ ትእዛዝ ይሰጣል። ግራፊክስ ካርዱም ትእዛዙን ተቀብሎ ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ ይሥላል።

ነገሩ በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ እንዳሉ ቆራጭና ሰፊ ነው። ሰፊው በቀን አሥር ሱሪ የሚጨርስ ከሆነ፣ ቆራጩ አሥራ አምስትም ቢቆርጥ ሠላሳም ቢቆርጥ ከቤቱ የሚወጣው አሥር ሱሪ ነው። ቆራጩን በሌላ ፈጣን ቆራጭ መለወጥ ደመወዝ ከመጨመር በስተቀር የሚያስገኘው ጥቅም የለም። በኮምፒዩተሩም ውስጥ የጨዋታውን ፍጥነት የሚወስነው ከሁለቱ ዝግ ያለው ነው።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በሴኮንድ 60 ፍሬም ለማግኘት እያንዳንዱ ፍሬም ከ16.7 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ሊወስድ አይገባውም፤ 144 ፍሬም ለማግኘት ደግሞ 6.9 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ብቻ ይፈቀዳል። ለምሳሌ ያህል ፕሮሰሰሩ ሥራውን በ10 ሚሊ ሴኮንድ፣ ግራፊክስ ካርዱ በ16 ሚሊ ሴኮንድ የሚጨርሱ ቢሆን፣ በሴኮንድ የሚገኘው 62 ፍሬም ያህል ነው። ፕሮሰሰሩ ተለውጦ በ6 ሚሊ ሴኮንድ ቢጨርስም ውጤቱ ያው 62 ይሆናል። ነገሩ ተገልብጦ ፕሮሰሰሩ 16፣ ካርዱ 10 ሚሊ ሴኮንድ የሚፈጅ ቢሆን ግን፣ ፕሮሰሰሩን ወደ 10 ማውረድ ፍሬሙን ከ62 ወደ 100 ያደርሰዋል። ዕቃው አንድ፣ ዋጋውም አንድ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ገዥ ምንም አላገኘም፤ ሁለተኛው ግን የገንዘቡን ዋጋ አግኝቷል።

የጨዋታውም ዓይነት ልዩነት ያመጣል። እንደ ካውንተር ስትራይክ 2 እና እንደ ቫሎራንት ያሉት የውድድር ጨዋታዎች በዝቅተኛ የሥዕል ጥራትና በብዙ ፍሬም የሚካሄዱ ስለሆኑ በፕሮሰሰሩ ላይ ይበረታሉ። ከተማ የሚገነባባቸው፣ ሠራዊት የሚመራባቸውና የአውሮፕላን በረራን የሚያስመስሉ ጨዋታዎችም እንደዚሁ ናቸው። ሥዕላቸው እጅግ የተዋበ፣ ብርሃንና ጥላቸው የረቀቀ የታሪክ ጨዋታዎች ግን አብዛኛውን ሸክም በግራፊክስ ካርዱ ላይ ይጥላሉ። ስለዚህ ሻጩ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ምን ፕሮሰሰር ይፈልጋሉ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ይጫወቱበታል? ማሳያዎ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ መሆን ይገባዋል።

አስቀድሞ መለካት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ የዝግታውን ምክንያት ከሥሩ ለማግኘት የሚከተሉት መለኪያዎች ይበቃሉ።

1ኛ፤ ጨዋታው ከተከፈተ በኋላ የማሳያው ሪዞሉሽን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ይደረጋል። የነጥቦቹ ብዛት ከ2 ሚሊዮን በላይ የነበረው ወደ 900 ሺህ ገደማ ስለሚወርድ የግራፊክስ ካርዱ ሥራ ይቀላል፤ የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን በዚያው መጠን አይቀንስም። ፍሬሙ ብዙ ከጨመረ ሥራውን አንቆ የያዘው ካርዱ ነበር ማለት ነው። ፍሬሙ ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ ግን ጥርጣሬው ወደ ፕሮሰሰሩ ያመዝናል።

2ኛ፤ ጨዋታው እየተካሄደ የግራፊክስ ካርዱ የሥራ መጠን ይታያል። ከመቶ 95 እጅና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚቆይ ከሆነ ካርዱ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው፤ አዲስ ፕሮሰሰርም አይረዳውም። ከመቶ 60 ወይም 70 እጅ ላይ የሚቆም ከሆነ ትእዛዝ እየጠበቀ ሥራ ፈትቷል ማለት ነው።

3ኛ፤ የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ የሥራ መጠን ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር ከመቶ 40 እጅ ብቻ እየሠራ ቢታይም ሥራውን ያነቀው እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ብዙ ጨዋታዎች ዋናውን ሥራ በአንድ ወይም በሁለት ኮር ላይ ስለሚጭኑ፣ እነዚያ ሲጨናነቁ የቀሩት ያርፋሉ። ስለሆነም እያንዳንዱ ኮር ለብቻው መታየት አለበት።

4ኛ፤ ማሳያው በሴኮንድ ስንት ፍሬም ማሳየት እንደሚችል ይመረመራል። 60 ብቻ የሚያሳይ ማሳያ ያለው ሰው ኮምፒዩተሩ 140 ፍሬም ቢያዘጋጅለትም የሚያየው 60 ነው። በጨዋታው ውስጥ የፍሬም ገደብ ተደርጎም ከሆነ፣ ከላይ የተባሉት መለኪያዎች ትክክለኛ ውጤት እንዲሰጡ አስቀድሞ መነሣት አለበት።

5ኛ፤ አማካዩን ቁጥር ብቻ ማየት አይበቃም። በአማካይ 90 ፍሬም የሚሰጥ ኮምፒዩተር፣ ብዙ ተጫዋች በተሰበሰበበት ቦታ ለቅጽበት ወደ 30 የሚወርድ ከሆነ ተጫዋቹ የሚያማርረው በዚያው ቅጽበት ነው። እንዲህ ያለው መንገጫገጭ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ወይም ከራሙ ማነስ ይመጣል።

ገንዘብ ሳይወጣ ወይም በጥቂት ገንዘብ የሚገኝ መሻሻል

ፕሮሰሰሩ ዝግ ማለቱ በመለኪያ ከታወቀም በኋላ ወዲያው አዲስ ማዘዝ አያስፈልግም። ፕሮሰሰሩ በቂ ሆኖ ሳለ ሌላ ነገር ሥራውን የሚያግድበት ጊዜ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ራሙ ነው። አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከመሰካት ይልቅ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት በተገቢው ቀዳዳ መሰካት መረጃ በሁለት መንገድ እንዲመላለስ ያደርጋል፤ በጨዋታም ላይ የሚታይ ልዩነት አለው። ከዚህም ጋር፣ በሳጥኑ ላይ 3200 የሚል ፍጥነት የተጻፈበት ራም በባዮስ ውስጥ ካልተፈቀደለት በቀር በ2133 ወይም በ2400 ብቻ ሲሠራ ይገኛል። ይህን ማስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ወጪ የለውም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አቧራ የሞላው ማቀዝቀዣና የደረቀ የሙቀት ቅባት ፕሮሰሰሩን ከልክ በላይ ያሞቁታል፤ ፕሮሰሰሩም ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ በሚሠራና በሩ ወደ መንገድ በተከፈተ የጌም ቤት ውስጥ ይህ ችግር እንግዳ አይደለም። ማጽዳትና ቅባቱን ማደስ አንዳንድ ጊዜ አዲስ ፕሮሰሰር የተገዛ ያህል ለውጥ ያመጣል።

ሦስተኛው ከጨዋታው ጋር አብረው የሚሠሩት አላስፈላጊ ፕሮግራሞች ናቸው። እነዚህን ሁሉ አስተካክሎ ጥቂት የአገልግሎት ዋጋ የሚቀበል ባለ ሱቅ ከፕሮሰሰር ሽያጭ የሚያገኘውን ያህል ባያተርፍም፣ ደንበኛው ተመልሶ እንዲመጣ ያደርጋል።

ማዘርቦርዱ የሚፈቅደውና የሚከለክለው

መለኪያው ተደርጎ፣ ጽዳቱም ተፈጽሞ ፕሮሰሰሩ መለወጥ እንዳለበት ከተረጋገጠ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ያለው ማዘርቦርድ አዲሱን ፕሮሰሰር ይቀበላል ወይስ አይቀበልም የሚለው ነው። በዚህ ረገድ የሁለቱ ታላላቅ ፋብሪካዎች፣ የኢንቴልና የኤኤምዲ፣ አካሄድ ለነጋዴ ብዙ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች፣ የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንቴል በ2015 ያወጣው ሶኬት 1151 የእግር መንኪያ ነበረው። በ2017 መጨረሻ ባለ 6 ኮር የሆኑትን የስምንተኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ የመንኪያው ቁጥር ያው 1151 ሆኖ ሳለ፣ በቀደሙት ማዘርቦርዶች ላይ ግን አይሠሩም ነበር። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ዕቃው ገብቶለት ኮምፒዩተሩ ሳይነሣ ቀረ። ከዚያም በ2020 ባለ 1200፣ በ2021 ባለ 1700፣ በ2024 ባለ 1851 ሶኬቶች ተከታትለው ወጡ። ስለዚህ ኮር አይ5 6500 ያለበትን ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ለጌም የገዛ ሰው ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ደረጃ የሰባተኛው ትውልድ ኮር አይ7 ነው፤ እርሱም ቢሆን ባለ 4 ኮር ነው። ከዚያ ወዲያ ማለፍ ቢፈልግ ማዘርቦርዱንም አብሮ መለወጥ ይኖርበታል።

ኤኤምዲ በበኩሉ ኤኤም4 የተባለውን ሶኬት ይዞ ብዙ ዓመት ቆየ። የመጀመሪያዎቹ የራይዘን ፕሮሰሰሮች በመጋቢት 2017 በዚህ ሶኬት ወጡ፤ በ2024ም ለዚያው ሶኬት አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ይወጡ ነበር። በመካከሉ ግን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በግንቦት 2020 ፋብሪካው ቀጣዮቹ የራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች ቢ450 እና ኤክስ470 በተባሉት ማዘርቦርዶች ላይ እንደማይሠሩ አስታወቀ። ማዘርቦርዱን የገዙት ሰዎች፣ የገዛነው ወደ ፊት ያገለግለናል ብለን ነው ሲሉ በብርቱ ተቃወሙ፤ ፋብሪካውም በዚያው ወር ውሳኔውን ለወጠ። በ2022 ደግሞ ፈቃዱ እስከ መጀመሪያዎቹ ባለ 300 ተከታታይ ማዘርቦርዶች ድረስ ተስፋፋ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ገዥው የሚገዛው የዛሬውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የነገውንም ተስፋ መሆኑ ነው። ማዘርቦርድ የሚሸጥ ነጋዴም ዕቃው ወደ ፊት ምን ሊቀበል እንደሚችል ለገዥው ሊነግረው ይገባል።

ከ2022 መስከረም ጀምሮ የኤኤምዲ አዲሱ ሶኬት ኤኤም5 ሆኗል። ይህ ሶኬት የሚቀበለው ዲዲአር5 የተባለውን ራም ብቻ ነው፤ ፋብሪካውም ድጋፉ እስከ 2027ና ከዚያም በኋላ እንደሚቀጥል አስታውቋል።

ሦስቱ መንገዶችና ሒሳባቸው

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ ሰው በ2017 የወጣው ራይዘን 5 1600፣ ቢ450 ማዘርቦርድና 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም አለው እንበል። መለኪያው ዝግታው ከፕሮሰሰሩ መሆኑን አሳይቷል። ከፊቱ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው መንገድ ራይዘን 5 5600ን መግዛት ነው። ይህ ፕሮሰሰር በሚያዝያ 2022 በ199 ዶላር ወጣ። እንደ ቀድሞው ባለ 6 ኮር ነው፤ የሚፈጀው ኃይል ደረጃም ያው 65 ዋት ነው። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ኮር ሥራ ላይ ነው፤ ፍጥነቱ ከ3.6 ወደ 4.4 ጊጋኸርዝ ከፍ ብሏል፤ ካሽ የተባለው የቅርብ ማስታወሻውም ከ16 ወደ 32 ሜጋባይት አድጓል። ማቀዝቀዣው በሳጥኑ ውስጥ ስለሚገኝ ሌላ ግዥ አያስከትልም። የኮር ብዛት ሳይጨምር ይህን ያህል ለውጥ መገኘቱ፣ ገዥዎች ኮር መቁጠር ብቻ እንደማይበቃ እንዲገነዘቡ የሚያደርግ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሰፊ ካሽ ያለውን ዓይነት መግዛት ነው። ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ በሚያዝያ 2022 በ449 ዶላር፣ ታናሹ 5700ኤክስ3ዲ በጥር 2024 በ249 ዶላር ወጡ። ሁለቱም ባለ 8 ኮር ሲሆኑ በፕሮሰሰሩ ላይ ተጨማሪ የማስታወሻ ንጣፍ ተደርቦባቸው ካሻቸው 96 ሜጋባይት ሆኗል። ጨዋታ ደጋግሞ የሚያነሣቸው መረጃዎች በቅርብ ከተገኙ ፕሮሰሰሩ ወደ ራሙ መመላለስ ስለሚቀርለት ሥራው ይፈጥናል፤ ባለ ሱቅ ዘወትር የሚሸጠውን ዕቃ ከመጋዘን ሳይሆን ከመደርደሪያ እንደሚያነሣው ያለ ነው። ፋብሪካው 5800ኤክስ3ዲን ባለ 12 ኮር ከሆነው 5900ኤክስ ጋር አወዳድሮ፣ በ1920 በ1080 ሪዞሉሽን በጨዋታ በአማካይ 15 ከመቶ ያህል ብልጫ እንዳለው ገልጿል። ለቢሮ ሥራ ግን ይህ ካሽ ያን ያህል ጥቅም የለውም። ሁለቱም ዓይነቶች ማቀዝቀዣ በሳጥናቸው ውስጥ ስለሌለ፣ የጠንካራ ማቀዝቀዣ ዋጋ በሒሳቡ ላይ መጨመር አለበት። አስመጪውም ዕቃው ከአቅራቢው ዘንድ አዲስ ሆኖ መገኘቱን ሳያረጋግጥ ከደንበኛ ቀብድ ባይቀበል ይሻላል።

ሦስተኛው መንገድ ወደ ኤኤም5 መሸጋገር ነው። ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ በሚያዝያ 2023 በ449 ዶላር ወጣ፤ በጨዋታ ረገድ ከቀደሙት የላቀ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ገዥው ፕሮሰሰሩን ብቻ ገዝቶ አያቆምም፤ ማዘርቦርድና ዲዲአር5 ራም አብሮ መግዛት ይኖርበታል። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚቋቋሙት ታላላቅ የመረጃ ማእከሎች የማስታወሻ ምርቱን ስለ ተሻሙት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በብርቱ ጨመረ። እንዲህ ባለው ጊዜ፣ በእጅ ያለውን ዲዲአር4 ራም ይዞ መቆየት ራሱ ገንዘብ ማዳን ነው።

ከሦስቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ የገዥው ግራፊክስ ካርድ መልሱን ይሰጣል። ካርዱ መካከለኛ፣ ማሳያውም ባለ 60 ፍሬም ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ ይበቃዋል። ካርዱ ብርቱ፣ ማሳያውም 144 ፍሬም የሚያሳይ ከሆነ ሁለተኛው ይስማማዋል። ሦስተኛው መንገድ የሚመረጠው ማዘርቦርዱም ሆነ ራሙ ያረጀበትና ብዙ ዓመት የሚቆይ መሠረት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ከፍጥነት ጋር ያልተያያዘ አንድ ምክንያትም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከራይዘን 2000 ወይም ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው፤ ራይዘን 1600 ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ስለዚህ የጌም ቤት ባለቤት ፍጥነቱ ቢበቃውም እንኳ በዚህ ምክንያት ለመለወጥ ሊገደድ ይችላል።

የውጭ ምንዛሪው ነገር

በአገራችን ይህ ውሳኔ ከሌላው አገር ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በዋዜማው በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ199 ዶላሩ ፕሮሰሰር በቀድሞው ምንዛሪ 11,343 ብር ነበር፤ በ100 ብር ሒሳብ 19,900 ብር ሆነ። የ449 ዶላሩ ደግሞ ከ25,593 ወደ 44,900 ብር ወጣ። መጓጓዣ፣ ቀረጥ፣ ታክስና የነጋዴው ትርፍ ገና አልታሰቡም። የፋብሪካው ዋጋ ሳይነካ ገዥው ይህን ያህል ከጨመረ፣ ያለ ጥቅም የተሸጠለት ፕሮሰሰር ቁጭቱ እንደ ቀድሞው ቀላል አይሆንም።

አሥር ኮምፒዩተር ያለው የጌም ቤት ባለቤት ሒሳቡ በአሥር ይባዛል። ለእርሱ የሚመከረው አሥሩን በአንድ ጊዜ ከመለወጥ በፊት በአንዱ ላይ መሞከር ነው። የተለወጠው ኮምፒዩተር አንድ ሳምንት ሠርቶ ደንበኞቹ ልዩነቱን ካዩ የቀሩት ይከተላሉ፤ ካላዩ ደግሞ የዘጠኙ ዋጋ ዳነ።

በሚለወጥበት ጊዜ የሚደርስ ጉዳት

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ በትክክል የተመረጠ ዕቃም በችኮላ ሲሰካ ሊበላሽ ይችላል። የቆየ ማዘርቦርድ አዲሱን ፕሮሰሰር እንዲያውቀው ባዮሱ መታደስ አለበት፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚሠራው አሮጌው ፕሮሰሰር ከቦታው ሳይነሣ ነው። አስቀድሞ አውልቆ አዲሱን የሰካ ሰው ጥቁር ማሳያ ከማየት በቀር ሌላ አያገኝም። ባዮሱ እየታደሰ ሳለ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ሥራው ዩፒኤስ በሌለበት መጀመር የለበትም።

የኤኤም4 ፕሮሰሰሮች እግራቸው በራሳቸው ሥር ነው። የደረቀ ቅባት ማቀዝቀዣውንና ፕሮሰሰሩን ስለሚያጣብቅ ማቀዝቀዣው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲሳብ ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ ተነቅሎ አብሮ ይወጣል፤ እግሮቹም ይጎብጣሉ። ኮምፒዩተሩ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ማጥፋት፣ ከዚያም ማቀዝቀዣውን ቀስ አድርጎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ ማላቀቅ ከዚህ ጉዳት ያድናል። አሮጌው ፕሮሰሰር ያለ ጉዳት ከወጣ ይሸጣልና ለአዲሱ ግዥ ማገዣ ይሆናል።

ስለ ያገለገሉ ፕሮሰሰሮች

ፕሮሰሰር የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ስለዚህ ያገለገለ መግዛት በራሱ ስሕተት አይደለም። ሆኖም ያለ ፍተሻ የሚገዛ ነገር አይደለም። የ2024ቱ የኢንቴል ጉዳይ ለዚህ ማስረጃ ነው። የአሥራ ሦስተኛውና የአሥራ አራተኛው ትውልድ የሆኑ ከፍተኛ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ የሚጎዱ ሆነው ተገኙ፤ ጨዋታዎችም በመካከል ይቋረጡ ጀመር። ፋብሪካው በነሐሴ 2024 ማስተካከያ አወጣ፤ የዋስትናውንም ጊዜ በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ግን ገና ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ አስቀድሞ የተጎዳውን አይመልስም። እንግዲህ ከእነዚህ ዓይነቶች ያገለገለ የሚገዛ ነጋዴ፣ ዕቃው በምን ሁኔታ እንደ ሠራ መጠየቅና በከባድ ሥራ ላይ ለሰዓታት መፈተን ይኖርበታል።

በማንኛውም ያገለገለ ፕሮሰሰር ላይ ሦስት ነገሮች መታየት አለባቸው፤ እግር ያለው ከሆነ እግሮቹ ያልጎበጡ መሆናቸው፣ በላዩ የተጻፈው ስም ኮምፒዩተሩ ከሚያነበው ስም ጋር አንድ መሆኑ፣ በሙሉ ሥራ ላይ ሙቀቱ ከልክ አለማለፉ። ይህን አድርጎ በወረቀት ላይ የአጭር ጊዜ ዋስትና የሚሰጥ ባለ ሱቅ፣ ከማይሰጠው ጎረቤቱ ትንሽ አብልጦ ቢሸጥ የሚነቅፈው አይኖርም።

የነጋዴው ድርሻ

አስመጪው ዕቃ ሲያዝ በጣም የተወራለትን ብቻ ሳይሆን በከተማው ውስጥ ባሉት ማዘርቦርዶች ላይ የሚገባውን ማሰብ ይጠቅመዋል። ባለፉት ዓመታት የሸጣቸው ማዘርቦርዶች ምን ምን እንደ ነበሩ በደረሰኞቹ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ወደ ፊት የሚፈለጉት ፕሮሰሰሮችም ከዚያው መዝገብ ይታወቃሉ። አዲስ ትውልድ በወጣ ቁጥር የቀድሞው ዋጋው ስለሚወርድ፣ ብዙ ዓይነት በጥቂት በጥቂቱ መያዝ አንዱን ዓይነት በብዛት ከማከማቸት ይሻላል።

ባለ ሱቁ ደግሞ በሱቁ ውስጥ አንድ የመለኪያ ቦታ ቢያዘጋጅ፣ የደንበኛውን ኮምፒዩተር በፊቱ ፈትኖ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ቢሰጠው ክርክር ይቀራል። ውጤቱ ፕሮሰሰር ይለወጥ የሚል ከሆነ ደንበኛው ተማምኖ ይገዛል፤ ከተገዛም በኋላ መለኪያው ተደግሞ ልዩነቱ ይታይለታል። ውጤቱ አይለወጥ የሚል ከሆነም ሳይደብቁ መንገር ይገባል። ያን ቀን ሽያጩ ይቀራል፤ ነገር ግን ደንበኛው ግራፊክስ ካርድ፣ ራም ወይም ሙሉ ኮምፒዩተር በሚያስፈልገው ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው እውነቱን ወደ ነገረው ሱቅ ነው።